ጠባይ በትእዛዝ ይታነጻልን?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ለተማሪ በሚሰጠው የውጤት መግለጫ ካርድ ላይ፣ ከቋንቋው፣ ከሒሳቡና ከሳይንሱ ነጥብ ሌላ፣ «ጠባይ» የምትል አንዲት ረድፍ ትገኛለች። የክፍሉ ኃላፊ መምህር አንዲት ፊደል ያሰፍርባታል። ወላጅ ካርዱን በእጁ ሲያስገባ ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው በልጁ ደረጃ ላይ፣ ቀጥሎም በአማካይ ውጤቱ ላይ ነው፤ የጠባይን ረድፍ ልብ የሚላት መጥፎ ፊደል የሰፈረባት እንደሆነ ብቻ ነው። ለመሆኑ ይህች ፊደል የምትመዝነው ምንድን ነው? ተማሪው ከሰልፍ አለመቅረቱን፣ የደንብ ልብሱን መልበሱን፣ በክፍል ውስጥ አለመረበሹን፣ መምህሩን አለመዳፈሩን ትመሰክር ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚናቅ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ በፈተና ሰዓት ድምፁን ሳያሰማ ከጎረቤቱ ወረቀት ላይ የገለበጠው ተማሪ፣ ጓደኛው ባልሠራው ጥፋት ሲቀጣ እያየ እውነቱን ከመመስከር የተቆጠበው ተማሪ፣ ይህንኑ መልካም ፊደል ይዞ ወደ ቤቱ መሄዱ አይቀርም። እንግዲህ ካርዱ የመዘገበው ጸጥታውን እንጂ ጠባዩን አይደለም ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ወጣቱ መልካም ጠባይ እንዲኖረው የማይመኝ የለም፤ መምህሩም፣ ወላጁም፣ ካድሬውም፣ የሃይማኖት አባቱም በየመድረኩ ይናገረዋል። ነገር ግን መልካም ጠባይ ስንል ለታዛዥነት ሌላ ስም ማውጣታችን ነው፣ ወይስ ጠባቂ በሌለበት ቦታ እንኳ ሰውን በቀናው መንገድ የሚያስኬደውን የውስጥ ኃይል ማለታችን ነው? ሁለተኛው ከሆነስ፣ እንዲህ ያለውን ኃይል በትእዛዝ፣ በቅጣትና በቃል ትምህርት ብቻ በወጣቱ ውስጥ ልናሳድረው እንችላለንን?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ፕላቶን «ሜኖን» በተባለው ምልልሱ መግቢያ ላይ፣ መልካምነት በትምህርት የሚገኝ፣ በልምምድ የሚመጣ ወይስ ከተፈጥሮ የሚሰጥ መሆኑን ወጣቱ ሜኖን ሶቅራጥስን እንዲጠይቀው አድርጓል፤ ምልልሱም ቁርጥ ያለ መልስ ላይ ሳይደርስ ያበቃል። አርስቶትል በበኩሉ፣ ግንበኛ በመገንባት ግንበኛ እንደሚሆን ሁሉ ሰውም የፍትሕ ሥራ በመሥራት ፍትሐዊ ይሆናል ሲል አስተምሯል። እኛ ግን ጥያቄውን ከአቴና ጎዳናዎች አምጥተን በምዕራብ ጎጃም መንገዶች ላይ ብናቆመው የበለጠ ይጠቅመናል፤ ጠባይ የሚታየው በኑሮ ውስጥ ነውና።

ስንቅና የኪራይ ቤት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ደምበጫን ካለፈ በኋላ ፍኖተ ሰላምን፣ ከዚያም ቡሬን ያገኛል። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ርዕሰ ከተማ ናት፤ ቡሬ ደግሞ የነቀምት መንገድ ከዋናው ጎዳና የሚገነጠልባት የንግድ ከተማ ናት። በዙሪያቸው ያለው አገር በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና በርበሬ የሚያበቅል ለም ምድር ነው።

ከዚህ ለም ገጠር ስምንተኛ ክፍልን ያጠናቀቀ የገበሬ ልጅ፣ በአቅራቢያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካላገኘ ወደ ከተማ ይወጣል። ለሁለት፣ ለሦስት ወይም ለአራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከትምህርት መልስ በእግራቸው ወደ ቤተሰባቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በሶና ሽሮ ተሸክመው ይመለሳሉ። ሐሙስ ላይ እንጀራው ይሻግታል ወይም ያልቃል። ዕድሜያቸው 15 ወይም 16 ዓመት ነው። ማታ በስንት ሰዓት እንደገቡ የሚጠይቅ አባት፣ ምን በልተው እንዳደሩ የምታይ እናት አጠገባቸው የለችም።

የእነዚህ ልጆች ጠባይ የሚፈተነው በጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ነው ወይስ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ? የአንዱ ስንቅ በማክሰኞ ቢያልቅ ሌላው የራሱን ይፈታለታል ወይስ ይሸሽግበታል? ለቤት ኪራይ የተዋጣው ብር በማን እጅ ይቀመጣል? አንዱ በወባ ታሞ ሲተኛ ማን ቀርቶ ያስታምመዋል? ሴቷ ተማሪ ከቤት አከራይ፣ ከባለሱቅ ወይም ከመንገደኛ የሚመጣባትን ማባበልና ማስፈራራት ለማን ትናገራለች፣ ብትናገርስ ማን ያምናታል? እነዚህ ጥያቄዎች በየትኛውም የውጤት ካርድ ላይ ረድፍ የላቸውም። ሆኖም ወጣቱ ነገ የሚሆነውን ዳኛ፣ ነጋዴ፣ ሐኪም ወይም የመንግሥት ሠራተኛ በብዙው የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ትምህርት ቤቱ የሚያየው የቀኑን ጥቂት ሰዓቶች ነው፤ ጠባይ ግን የቀረውን ሰዓት ሁሉ ሲሠራ ይውላል፣ ያድራል።

ከቅኔ ቤት የምንወርሰውና የማንወርሰው

እንዲህ ያለው ኑሮ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከወላጆቹ ርቆ ዕውቀት ፍለጋ ይንከራተት ነበር። በዚሁ በምዕራብ ጎጃም ምድር የምትገኘው ዋሸራ ከጎንጅና ከዋድላ ጋር የአገሪቱ የቅኔ ትምህርት መንገዶች መጠሪያ ለመሆን በቅታለች። ተማሪው ለምኖ ያገኘውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል፤ ቀድሞ የገባው ኋላ የመጣውን ያስጠናዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ግን የነገራው ሥርዓት ነው። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ በየደረጃው የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ በጉባኤው ፊት የሚያዋርድ ነውር ነው። በቅኔ ቤት ቋንቋ «ዘረፈ» ማለት ከራሱ አፍልቆ ወዲያው ተቀኘ ማለት እንጂ የሌላውን ቀማ ማለት አለመሆኑ ነገሩን ይበልጥ አስደናቂ ያደርገዋል። ያ ተማሪ ከስርቆት የሚያግደው ዘበኛ አላስፈለገውም። ዘበኛው የሥራው ዓይነት ነበር፤ ከእርሱ የሚጠበቀው ገና ያልተባለውን መፍጠር እንጂ የተባለውን መድገም ብቻ አልነበረምና።

ይህን ስንል ያለፈውን ሁሉ በወርቅ ለመለበጥ አይደለም። በዚያ ትምህርት ውስጥ አለንጋና ፍርሃት ነበሩ፤ ሴቶች ልጆችም ከጥቂቶች በስተቀር ከደጁ ቀርተው ነበር። «ጨዋ» የሚለው ቃላችን እንኳ ምግባርን ብቻ ሳይሆን ዘርንም የሚያመለክት ሆኖ ኖሯል። በጠይብነቱ የሚናቀው ቀጥቃጭ፣ በሽመናው የሚሰደበው ሸማኔ፣ በእጇ ጥበብ የምትፈራው ሸክላ ሠሪ፣ የቱንም ያህል ሐቀኞች ቢሆኑ «ጨዋ» ለመባል አልታደሉም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ይህን በዘር ላይ የቆመ ጨዋነት በጉዱ ካሣ አንደበት ያስተቹበት ምክንያት ይኸው ነው። እንግዲህ ከቅኔ ቤት የምንወርሰው ለራስ ሥራ መታመንንና መካፈልን ነው፤ አለንጋውንና የዘር ጨዋነቱን ግን አንወርስም።

ኩረጃ፦ የተሳሳተ ደግነት

አሁን ወደ ዘመናችን ቁስል እንመለስ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀኑ አስቀድሞ አፈትልኮ በመሰራጨቱ ተቋርጦ በሌላ ጊዜ እንዲሰጥ ተደረገ። ኩረጃው በዚያ አላበቃምና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ይሰጥ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከየቀያቸው ተነሥተው በየዩኒቨርሲቲው ገቡ። ውጤቱ ሲገለጽ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈተኑት ውስጥ 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። ያላለፈው ሁሉ ኮራጅ ነበር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ መጽሐፍ ያልደረሰው፣ መምህር የጎደለበት፣ ቤተ ሙከራ በዓይኑ ያላየ ብዙ ነው። ቢሆንም ቁጥሮቹ ለዓመታት ስናጨበጭብለት የኖርነው ውጤት ምን ያህል በተውሶ የቆመ እንደነበር ገልጠዋል።

የጥበቃው መጥበቅ አስፈላጊ ነበር። ጠባቂ ሌብነትን ሊያግድ ይችላል፤ ታማኝን ግን አይወልድም። ስለዚህ ኩረጃ ከየት እንደሚመጣ መመርመር ይገባናል። ሁሌም ከስንፍና ይመጣል ብሎ መደምደም ችኩልነት ነው። ከላይ ወዳየናት ጠባብ ክፍል እንመለስ። አንድ ጎበዝ ተማሪ የራሱ ስንቅ ባለቀበት ሳምንት የጓደኛውን እንጀራ በልቶ ሰንብቷል። በፈተናው ቀን ያው ጓደኛ ከጀርባው ተቀምጦ ወረቀቱን ገለጥ እንዲያደርግለት በሹክሹክታ ይለምነዋል። ቢከለክለው ምን ይባላል? ስስታም፣ ውለታ ቢስ፣ ክፉ ይባላል። እንጀራ የተካፈሉ ሰዎች መልስ መካፈልን ስለምን ይነፋፈጋሉ? ልጁ በዚያች ቅጽበት የቆመው በመልካምና በክፉ መካከል አይደለም። የቆመው በሁለት መልካም ነገሮች፣ በወዳጅነትና በሐቀኝነት መካከል ነው፤ የሥነ ምግባር ትምህርታችን ደካማነትም የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። «ኩረጃ ነውር ነው» የሚለውን ቃል ልጁ ያውቀዋል። ያላስተማርነው ሁለቱ ሲጋጩ እንዴት መመርመር እንዳለበት ነው።

ቢመረምረው ኖሮ ሁለቱ መካፈሎች አንድ እንዳልሆኑ ያስተውል ነበር። እንጀራን የሚያካፍል ሰው የሚሰጠው ከራሱ ነው፤ የሚጎድለውም ከእርሱው ነው፤ ተቀባዩም ይጠግባል። መልስን የሚያካፍል ግን የሚሰጠው የራሱ ያልሆነውን ነው። ዋጋውን የሚከፍለው በሌላ አዳራሽ፣ ምናልባትም በሌላ ወረዳ ተቀምጦ ያልኮረጀው፣ ስሙን እንኳ የማያውቀው ልጅ ነው፤ ወንበሩ የሚወሰደው የእርሱ ነውና። ተቀባዩም ቢሆን አይጠግብም፤ ባዶነቱን ተሸክሞ ወደሚቀጥለው ክፍል፣ ከዚያም ወደ ሥራ ዓለም ይሸጋገራል። የውሸት ማዘዣ የሚጽፍ ሐኪምና የሚደረመስ ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ የሚወጡት ከዚያ ነው። እውነተኛው የጓደኛ ውለታ ከፈተናው በፊት ባሉት ማታዎች በአንድ መብራት ሥር ተቀምጦ ማስጠናት ነበር። የቅኔ ቤቱ ተማሪ ይህን ልዩነት ያውቅ ነበር፤ ቁራሹን ያካፍላል፣ ቅኔውን ግን እያንዳንዱ የራሱን ይነግራል።

የጆሮ ትምህርትና የዓይን ትምህርት

በአገራችን ለወጣቱ ምግባር ያልተጻፈ መጽሐፍ፣ ያልወጣ ሥርዓተ ትምህርት የለም። በንጉሡ ዘመን «ግብረ ገብ» የተባለ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ቦታውን የፖለቲካ ትምህርት ያዘው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ተተካ፤ ይህም 11 እሴቶችን ዘርዝሮ፣ ከእነርሱም መካከል የሕግ የበላይነትን፣ ፍትሕን፣ ኃላፊነትን፣ ታታሪነትንና ቁጠባን በየክፍሉ ያስተምር ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ በአንደኛ ደረጃ ዳግም ተመልሷል፣ በሁለተኛ ደረጃም የዜግነት ትምህርት ገብቷል። ሥርዓቶቹ በብዙ ነገር የተለያዩ ቢሆኑም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁሉም መልካምነት ተጽፎ፣ ተነብቦና ተፈትኖ የሚያልቅ ነገር መሆኑን ያመኑ ይመስላሉ። ተማሪው ስለ ሐቀኝነት በቀረበለት ጥያቄ ላይ መልሱን ከጎረቤቱ ገልብጦ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ከዚህ የባሰ ምፀት በየትኛው መድረክ ላይ ይገኛል?

ወጣቱ በጆሮው ከሚሰማው ይልቅ በዓይኑ ከሚያየው ይማራል። በክፍል ውስጥ ስለ ሕዝብ ሀብት ክብር ይሰማል፤ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ግን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት አዋቂዎች እየሳቁ ሲተርቱት ያደምጣል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብሎ ያስተማረው ኅብረተሰብ ሳይማር ለጠመጠመው ከፍ ያለ ወንበር ሲያቀርብ ይመለከታል። የትምህርት ቤቱ ስም ከፍ እንዲል ሲባል ጎበዙን ከሰነፉ አጠገብ የሚያስቀምጥ ፈታኝ ካየ፣ ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ከዚህ ሰው ስለ ሐቀኝነት ምን ሊቀበል ይችላል? ነገሩ በመምህሩ ላይ ብቻ አይቆምም። ያልተተከለውን ችግኝ ተተከለ፣ ያልተሰበሰበውን ሕዝብ ተሰበሰበ ብሎ ወደ በላይ አካል ሪፖርት የሚልክ ኃላፊም የሚያደርገው ኩረጃ ነው። ልዩነቱ ተማሪው ከጎረቤቱ ሲገለብጥ ኃላፊው ከዕቅዱ መገልበጡ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ጠባይ የኑሮ ነጸብራቅ ነው፤ መምህሩ በወር ደመወዙ ወር የማይደርስ ከሆነ፣ ተማሪው ተምሮ ሥራ የማያገኝ ከሆነ፣ ስለ ምግባር መስበክ በባዶ ሆድ ላይ ዜማ ማዜም ነው የሚሉ አሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ሐቀኛን ሁልጊዜ የሚያስርብ ኅብረተሰብ ሐቀኞችን አፍርቶ ሊዘልቅ አይችልም። ሆኖም በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ በእኩል ድህነት ከሚኖሩ ሦስት ልጆች መካከል አንዱ ስንቁን ይፈታል፣ ሌላው ይሸሽጋል። ድህነቱ አንድ ሆኖ ምግባሩ ተለያየ። ችግር ምርጫን ያጠብባል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ አስተማሪ ሥራ የሚኖረውም በዚያች በቀረችው ጠባብ ቦታ ላይ ነው።

ያች ቦታ እጅግ የጠበበችባቸው ዓመታት ሩቅ አይደሉም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው የጦር ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ሕፃናትና ወጣቶች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። «የሰላም መንገድ» የሚል ስም የተሰጣት ፍኖተ ሰላም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የሰላማውያን ሰዎች ደም የፈሰሰባት ከተማ ሆናለች። ደብተሩን አስቀምጦ ዓመት ሁለት ዓመት የተቀመጠ የ16 ዓመት ልጅ በዚያ ጊዜ ውስጥም መማሩን አላቆመም፤ የሚማረውን ግን እኛ አልመረጥንለትም። ጉልበት ከክርክር በላይ መሆኑን፣ ነገ የሚባል ነገር የማያስተማምን መሆኑን ተምሮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ወደ ክፍል ስንመልሰው በመጀመሪያ የደንብ ልብሱንና የፀጉሩን ርዝመት የምንቆጣጠር ከሆነ፣ የደረሰበትን ነገር ጨርሶ አልተረዳነውም ማለት ነው።

አደራ እንደ ትምህርት

ታዲያ ምን ይደረግ? ጠባይ የሚታነጸው በሥራ ከሆነ ለወጣቱ እውነተኛ ሥራ ልንሰጠው ይገባል፤ ሥራ ስንልም ጥፋት ቢደርስ እውነተኛ ጉዳት የሚያስከትል፣ ቢሳካ እውነተኛ ጥቅም ያለው ማለታችን ነው። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲዘምቱ፣ በኋላም በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወጣቶች ለገበሬው ፊደል ሲያስቆጥሩ፣ ዘመቻው ለብዙዎች በግዴታ የመጣ ነበር፤ በዚያም ዘመን የተሠራው ግፍ የሚዘነጋ አይደለም። ይሁንና ስሙን መጻፍ የማያውቀውን የአባቱን እኩያ እጁን ይዞ ፊደል ያስጻፈ ወጣት፣ ከዚያች ቀን በኋላ ራሱን የሚያይበት ዓይን መለወጡ አይካድም። ለወጣቱ ትልቁ ትምህርት አንድ ሰው በእርሱ ላይ መደገፉን ማወቅ ነው።

ይህን ለመጀመር ዘመቻ ማወጅ አያስፈልግም። የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ለተማሪዎች ኮሚቴ ይሰጥ፤ የጠፋ መጽሐፍ ቢኖር እነርሱው ይጠይቁ፣ እነርሱው ይተኩ። ትምህርት ቤቱ መሬት ካለው አንድ እርሻ ለተማሪዎች ይተውላቸው፤ የበቆሎውን ሽያጭ ሒሳብ በአደባባይ ያቅርቡ፣ ከገቢውም ስንቅ ያጠራቸውን ጓደኞቻቸውን ይርዱ። ከገጠር መጥተው በኪራይ ቤት የሚኖሩትን ልጆች በየሰፈሩ እየሄደ የሚጠይቅ መምህርና የወላጅ ኮሚቴ ይኑር፤ ሴቶች ተማሪዎች ደግሞ ጭንቃቸውን ያለ ፍርሃት የሚነግሯት አንዲት መምህርት ትመደብላቸው። መምህሩ ከቀላሉ ፈተና ጀምሮ አልፎ አልፎ ክፍሉን ለተማሪዎቹ አደራ ሰጥቶ ይውጣ፤ የሆነውንም በማግሥቱ አብሯቸው ይመርምር። በመጀመሪያ ጊዜ አደራው ይበላ ይሆናል። ነገር ግን አደራ ያልተሰጠው ሰው አደራ መጠበቅን ከየት ይማራል?

ቅጣትም ቢሆን ከሽማግሌዎቻችን የሚማረው አለው። ባለ አገሩ ሲጣላ ሽማግሌ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ በዳይ ጥፋቱን እንዲያምን፣ የበደለውን እንዲክስ፣ ከዚያም እንዲታረቅ ያደርጋል። የሚያዋርድ ጅራፍና ማንበርከክ ግን ልጁን ከጥፋቱ ይልቅ በመያዙ እንዲጸጸት ብቻ ያስተምሩታል። መስኮት የሰበረ መስኮት ይጠግን፤ ጓደኛውን በሐሰት የከሰሰ በክፍሉ ፊት እውነቱን ይመልስለት።

የሥነ ጥበብ ሰዎች ድርሻም ቀላል አይደለም። ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ወጥቶ መምህርና ተውኔት ደራሲ የሆነው ዮፍታሔ ንጉሤ በዘመኑ ተማሪዎችን መድረክ ላይ አውጥቶ ያጫውት ነበር። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የድራማ፣ የሚኒ ሚዲያ፣ የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ክበባት አሉ። የሚያቀርቡት ጭውውት ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ መልክ አለው፤ ክፉው ይሰርቃል፣ ይያዛል፣ ይጸጸታል፣ ታዳሚው ያጨበጭባል። ሕይወት እንዲህ ቀላል አለመሆኗን ታዳሚው ሁሉ ስለሚያውቅ ጭብጨባው ከአዳራሹ በር አያልፍም። ይልቅስ እንጀራውን የበላለትን ጓደኛ በፈተና አዳራሽ ውስጥ እንቢ የሚለውን ልጅ መድረክ ላይ እናውጣው፤ እንቢታው ምን እንዳስከፈለው፣ ማታ ወደዚያች ክፍል ሲመለሱ ምን እንደተባባሉ እናሳይ። ፍርዱን እኛ አንስጥ፤ ለተማሪዎቹ ትተን ሲከራከሩ እንስማቸው። አእምሮው የተከራከረበትን እውነት ወጣቱ በቀላሉ አይጥለውም።

እንግዲህ ጠባይ በትእዛዝ ይታነጻልን ለሚለው ጥያቄ መልሳችን አይታነጽም የሚል ነው። ትእዛዝ የሚያገለግለው አጥር ሆኖ ነው፤ አጥር ደግሞ ከብት ያግዳል እንጂ ሰብል አያበቅልም። ሰብሉን የሚያበቅለው ለወጣቱ የሚሰጠው አደራ፣ በፊቱ የሚቆመው ምሳሌና በነጻነት የሚመረምርበት ጊዜ ነው። ይህም ከመምህሩ ትዕግሥትን፣ ከካድሬው እውነተኛ ሪፖርትን፣ ከደራሲው ስብከት የሌለበት ሥራን ይጠይቃል። እሑድ ማታ ስንቁን ተሸክሞ ወደ ቡሬ የሚገባው ልጅ ከሦስታችንም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፤ ከእርሱ የምንጠብቀውን ሐቀኝነት በመጀመሪያ በእኛ ላይ ማየት መብቱ ነውና።